ከቢላዋ ሠሪው ደጅ የተማርነው

ጅማ ላይ ለተሰበሰቡ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በመርሐ ግብሩ የተሰጠን ርእስ «የወጣቶች ሥራ ፈጠራና ዕደ ጥበብ» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ በሰፊው ከመናገር ይልቅ ስለ አንድ ቢላዋ ብቻ ብንናገር ይሻላል ብለናል። ቢላዋውንም ይዘነው መጥተናል። ከፊት ረድፍ ከተቀመጡት አባቶች ጀምሮ በየእጃችሁ ይዙር። ስለቱን ግን በአውራ ጣት አትፈትኑት፤ የተሳለው ትናንት ማታ ነው።

ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ጥቂት ያልፋል። ብረቱ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ የተቆረጠ ነው። እጀታው የቡና እንጨት ነው፤ አርጅቶ ከተጎነደለ ዛፍ የተረፈ። የሠራው የ19 ዓመት ወጣት ሲሆን ያስተማሩት በአጋሮ አካባቢ ከሚገኝ አንድ የቡና መንደር ያሉ አረጋዊ ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይነሣ ስለፈለጉ «መምህራችን» እያልን እንቀጥላለን።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ የጀመረውም በእኛ ስሕተት ነው። የአጥቢያው ወጣቶች ያረጀ ቡና እየጎነደሉ እንዲያድሱ መሣሪያ እንድንገዛላቸው ጠየቁን። ቡና ሲያረጅ ፍሬው ይቀንሳልና ግንዱ ከመሬት ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቆረጣል፤ ዝናብ በላዩ እንዳይቋጥርም አቆራረጡ ዘወር ያለ፣ ሰያፍ መሆን አለበት። በኋላ ከሚበቅሉት ቀንበጦች መካከል ጠንካሮቹ ተመርጠው ይቀራሉ፤ የቀሩት በቢላዋ ይወገዳሉ። ይህን የምታውቁትን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ብቻ ቀንበጥ ለማንሣት የሚያገለግል ቢላዋ ጥሩ ስለት ካልያዘ ምን እንደሚያደርግ ስለምናስታውስ ነው። እኛ በጅምላ የገዛናቸው ቢላዋዎችና ገጀራዎች ቀለማቸው ያብረቀርቅ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ገጀራው ታጠፈ፤ ቢላዋው ደግሞ መቁረጡን ትቶ ቅርፊት መግፈፍ ጀመረ።

የተገፈፈ ቅርፊት ትንሽ ነገር ይመስላል። ሆኖም በቡና ላይ ያለ ቁስል በር ነው። የቡና አድርቅ በሽታ የሚባለውን ከመካከላችሁ ያላየ ያለ አይመስለንም፤ ዛፉ መጀመሪያ በአንድ ጎኑ ይጠወልጋል፣ ቅጠሉ ይንጠለጠላል፣ ቅርፊቱን ስትልጡት እንጨቱ ላይ ሰማያዊና ጥቁር መስመር ታያላችሁ፣ ከዚያ ይደርቃል። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በከፋ የታየ በሽታ ነው። ምክንያቱ በዐይን የማይታይ ሻጋታ ሲሆን ዋና መግቢያው በግንዱ ሥር ሣር ሲመነጠር ገጀራ የሚያሳርፈው ቁስል ነው። ከታመመው ዛፍ ወደ ጤነኛው የሚሸጋገረውም በዚያው ገጀራ ነው። መድኃኒት የለውም፤ ዛፉ ተነቅሎ እዚያው ይቃጠላል። እንግዲህ እኛ ለልማት ብለን ያከፋፈልነው ደካማ መሣሪያ ምን ያህል ዛፍ እንዳቆሰለ ስናስብ ዛሬም ያሳፍረናል። ደነዝ ገጀራ የያዘ ሰው ኃይል ይጨምራል፤ ኃይል የተጨመረበት ገጀራ ደግሞ ከሣሩ አልፎ ግንዱን ይመታል።

ከዚያ በኋላ «በዚህ አካባቢ ብረት የሚሠራ ሰው የለም ወይ?» ብለን ጠየቅን። ወጣቶቹ ዝም አሉ። ከሽማግሌዎቹም የመለሰልን አልነበረም። በመጨረሻ ጎመን የምትሸጥ አንዲት እናት «ከገበያው በታች፣ ወንዙ ዳር» አለችን። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከዚያ የ10 ደቂቃ መንገድ አይሆንም። በኋላ እንደተረዳነው በአጥቢያው ያለ ማጭድ ሁሉ፣ የቀዳሹ አባት ቤት መጥረቢያ ሳይቀር፣ ከዚያ የወጣ ነው። መሣሪያው በየቤቱ ገብቷል፤ የሠራው ሰው ግን ከገበያው በታች ቀርቷል።

ሄድን። መምህራችን የእስልምና እምነት ተከታይ ናቸው፤ ከአባታቸውና ከአያታቸው የወረሱት ሥራ ነው። በአካባቢው ቋንቋ ቱምቱ ይባላሉ፤ እኛ በአማርኛ ባለ እጅ ወይም ቀጥቃጭ እንላለን፤ ከበስተጀርባ የምንለውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። በርጩማ አቀረቡልን። ባለቤታቸው ቡና አፍልተው ሰጡን። ከእኛ አንዱ ሲኒውን ተቀብሎ ሳይቀምስ መሬት ላይ አስቀመጠው። የቀረነውም እጃችን ሲኒው ላይ ዘገየ። ጾም ነው እንዳንል ወቅቱ በዓለ ኀምሳ ነበር። ሽማግሌው አይተው ፊታቸውን ወደ ከሰሉ መለሱና «ቡናው ከእናንተው ከአቦሉ ማሳ ነው፤ ብረት አልገባበትም» አሉን። ያን ጊዜ ጠጣን። ዘግይተን እንደጠጣን ግን እርሳቸውም ያውቃሉ፤ እኛም አንረሳውም።

ስምንት ወጣቶች ይዘን ትምህርቱን ጀመርን፤ እኛም የፕሮጀክቱ ሠራተኞች አብረን ገባን። የዕረፍት ቀኑ ወዲያው ተስማማ፤ ዓርብ የእርሳቸው፣ እሑድ የእኛ።

በመጀመሪያው ሳምንት መዶሻ አልነካንም፤ ወናፍ ነፋን። ሁለቱ የቆዳ ወናፎች እየተፈራረቁ ካልነፉ እሳቱ ይቆራረጣል፤ እሳቱ ሲቆራረጥ ብረቱ አንድ ወገኑ ብቻ ይግላል። በአብነት ትምህርት ቤት ሳለን ፊደል ከመቁጠር በፊት ውኃ እንቀዳ፣ እንጨት እንለቅም እንደነበረ ያስታወስነው ያን ጊዜ ነው። ጥቁር ነጠብጣብ ፍም እየዘለለ ልብሳችንን ሲበሳው ወጣቶቹ ይስቁብን ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ብረት መምረጥ ተማርን። ብረት ሁሉ ቢላዋ አይሆንም። ለግንባታ የሚውለው ፌሮ የቱንም ያህል ቢቀጠቀጥ ስለት አይይዝም፤ ባሌስትራ ግን በውስጡ ያለው ካርቦን ይበቃዋልና ይጠነክራል። መምህራችን የካርቦንን ስም አያውቁም፤ የሚያውቁት መፈተኛውን ነው። ከብረቱ ጫፍ ጣት የምታህል ቁራጭ ያግሉና ውኃ ውስጥ ይጨምሯታል፤ ከዚያ በመዶሻ ይመቷታል። ከታጠፈች ብረቱ ለማጭድ መያዣ ቀለበት ይሁን ይላሉ። እንደ ሸክላ ከተሰበረች ቢላዋ ይወጣታል። ባሌስትራውንም በገመድ አንጠልጥለው በጣታቸው ያስጮኹታል፤ ድምፁ ከታፈነ ውስጡ የተሰነጠቀ ነውና አይገዙትም።

መቀጥቀጡ ከሩቅ ሲያዩት የጉልበት ሥራ ይመስላል፤ የዐይን ሥራ ነው። የበሰለ ብርቱካን መስሎ ሲወጣ ይመታል፤ ቀይነቱ ወደ ጥቁር ሲያዘነብል ይቆማል። ከዚያ በኋላ አንድ ምት የጨመረ ሰው ስንጥቅ ይዘራል፤ የሚያጭደው ግን በኋላ ነው። ከጀርባው ወደ ስለቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ በሁለቱም ፊት እኩል ካልተመታ ይጣመማል። ቅርጹ ከወጣ በኋላ በትኩስ አመድ ተቀብሮ ያድራል። ለምን እንደሚያድር ስንጠይቅ «ተመትቶ የዋለ ሰው አይተኛም እንዴ?» አሉን። እውነትም በመዶሻው የተወጣጠረው ብረት ቀስ ብሎ ሲበርድ ይላላል፤ በማግሥቱ ሞረድ ይቀበላል።

አሁን የምንነግራችሁ ጥፋታችንን ነው። በሁለተኛው ወር መምህራችን ለለቅሶ ሦስት ቀን ወደ ሊሙ ሄዱ። እኛ ከከተማ ያመጣነው የታተመ መመሪያ ነበረን፤ በእርሱ ተማምነን 14 ቢላዋ አንድ ላይ አጋልንና ውኃ አጠጣናቸው። ብረቱ ሲንሾካሾክ ደስ አለን። ከ14ቱ 11ዱ ተሰነጠቀ። መምህራችን ሲመለሱ ሁሉንም በመስፉ ላይ ደረደሩ፤ የቀሩትንም ሦስቱን በጣታቸው አስጮኹና አንዱን ለይተው ወደ ቁርጥራጩ ጣሉት። አልተቆጡም። «ባሌስትራ ውኃ እንደማይወድ ለምን ቀድመው አልነገሩንም?» አልናቸው። «መቼ ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ?» አሉ። ከ40 ዓመት በላይ በዚያ መስፍ ፊት ሲቀመጡ ከደንበኛ የሰሙት «ስንት ነው?» እና «ቀንስ» የሚለውን ብቻ መሆኑን ቀስ ብለን ተረዳን።

ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ ክሮሚየም ወይም ሲሊከን የተቀላቀለበት ብረት ስለሆነ ለመጠንከር የውኃን ያህል ድንገተኛ ቅዝቃዜ አያስፈልገውም፤ ውኃ ሲያገኘው ይደነግጥና ይፈነዳል። መምህራችን የሚጠቀሙት ጋራዥ የሚጥለውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው፤ እርሱንም አስቀድመው በጋለ ብረት ለብ ያደርጉታል። ሙቀቱን የሚለዩት በጨለማ ነው፤ ጎጇቸው መስኮት የሌላት ለዚህ እንጂ ለድህነት ብቻ አይደለም። እኛ ከተሰበረ ስፒከር ያወጣነውን ማግኔት ይዘን ተከራከርናቸው። ብረት በ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ማግኔት መሳቡን ያቆማል፤ ለመንከር የሚያስፈልገውም ከዚያ ጥቂት ያለፈ ሙቀት ነው። እርሳቸው «አሁን» ባሉ ቁጥር ማግኔቱን አስጠጋነው፤ አልያዘም። «ገና» ሲሉም አስጠጋነው፤ ያዘ። ማግኔቱ አሁን ለጀማሪዎች ብቻ ያገለግላል።

ከዘይት የወጣ ቢላዋ ጠንካራ ቢሆንም እንደ ብርጭቆ ነው፤ ወድቆ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ፊቱ ተፈግፍጎ ይነጣና ጀርባው በፍም ላይ ይሞቃል። ያን ጊዜ ቀለም ከጀርባው ተነሥቶ ወደ ስለቱ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የገብስ ገለባ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ መጨረሻ ሰማያዊ። ለቀንበጥ ቢላዋ የገለባው ቀለም ስለቱን ሲነካ ማቆም ነው። ለገጀራ ግን ድንጋይ ስለሚያገኘው እስከ ወይን ጠጁ ይጠበቃል። በእጃችሁ ያለውን ቢላዋ አዘንብላችሁ ካያችሁት ከእጀታው አጠገብ ያ ቀለም ጥቂት ቀርቶለታል።

ለመሆኑ ይህን ያህል ዕውቀት ያለውን ሰው ከገበያው በታች ያስቀመጠው ማን ነው? በጅማ የሂርማታ ገበያ በአባ ጅፋር መንግሥት ዘመን በየሐሙሱ እስከ 30 ሺህ ሰው ይሰበስብ እንደነበር ይነገራል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ማረሻና ቢላዋ ያስፈልገው ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ጸሐፊው ሳይቀር በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ይልቅ ዕድሜ አግኝቷል።

አባቶች ይፍቀዱልንና የራሳችንንም ድርሻ እንናገር። የቡዳንና የጠቢብን ዐይን ያስጥላል ተብሎ የሚታሰር ክታብ የተጻፈው በማን እጅ ነው? ፊደል በቆጠሩ የእኛው ሰዎች እጅ ነው። ያን ክታብ ለመጻፍ መቃውን የቀረጸችው ሰንጢ፣ ብራናውን የፋቀው ብረት ከማን እጅ ወጣ? በቤተ መቅደሳችን ያለው ጽና፣ የምንሳለመው መስቀል፣ ከበሮውን ያለፋው መሣሪያ ሁሉ በእሳት ፊት በተቀመጠ ሰው የተሠራ ነው። አንዳንዶች ብረት ሠሪን ከቃየል ወገን ከነበረው ከቱባልቃይን ጋር እያያያዙ ሲተርቱ ሰምተናል። በኦሪት ዘጸአት የእግዚአብሔር መንፈስ የሞላበት ተብሎ በስሙ የተጠራው ባስልኤል በወርቅ፣ በብርና በናስ የሚሠራ ባለ እጅ እንደነበረ ግን ተረቱ አያነሣም። ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ብረት ሠሪውን ከመስፉ አጠገብ፣ ጆሮው በመዶሻ ድምፅ ተደፍኖ፣ የእሳቱ ወላፈን ሥጋውን ሲያከሳው ያሳየናል። ያለ እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ከተማ እንደማይጸና ይመሰክራል። በሕዝብ ጉባኤ ግን እንደማይፈለጉ በዚያው ምዕራፍ ጽፎታል። እኛ ሰበካ ጉባኤ ነን፤ ያ ምዕራፍ ሲነበብ በጥንቃቄ ብናዳምጠው ይገባናል።

ከስምንቱ ወጣቶች ዛሬ የቀሩት አምስት ናቸው። አንዱ ሥራው ከብዶት ሄደ፤ ይህ የትም ያለ ነው። ሁለቱን ግን ቤተሰቦቻቸው አወጧቸው። የአንደኛው አባት ቢሮአችን ድረስ መጥተው «ልጄ ቢላዋ መሥራቱን አልጠላሁም፤ ነገር ግን ማን ልጁን ይድርለታል?» አሉን። መልስ አልነበረንም። አሁንም ሙሉ መልስ የለንም። የመምህራችን የገዛ ልጅ ጅማ ከተማ ባጃጅ ይነዳል፤ የአባቱን ሙያ በሚሠራበት አካባቢ አያነሣውም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይኸው ነው። እርሳቸው ሲያልፉ ያ የ«አሁን» ዐይን አብሮ ያልፋል፤ በመመሪያ የማይጻፍ መሆኑን ደግሞ በ11 ቢላዋ ከፍለን ተምረናል።

ገበያው ግን አለ። ለመስቀልም ለዐረፋም የሚታረድበት ቢላዋ በአንድ መሳያ ድንጋይ ነው የሚሳለው፤ በእነዚያ ሳምንታት መምህራችን እንቅልፍ የላቸውም። ከቡና ለቀማ በፊት ደግሞ ገጀራ የማይፈልግ ቤት የለም። ስለዚህ ከየአጥቢያው የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ለምንጠራው የሚሆን መሣሪያ ከማዘዛችሁ በፊት በአጥቢያችሁ ያለውን ባለ እጅ ጠይቁ፤ ቀብድም ስጡት፤ ባሌስትራ በዱቤ አይገዛምና። ለወጣቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ይዞታ አንድ ጥግ፣ ከሣር ቤት ራቅ ያለ፣ የቆርቆሮ ጥላ ይበቃቸዋል። በማሳ ውስጥም ከታመመ ዛፍ ወደ ሌላው ሲያልፉ ስለቱን በእሳት መለብለብ ወይም በአልኮል መጥረግ እንዲለምዱ ከዐውደ ምሕረት ብትነግሩልን ከእኛ ሥልጠና ይልቅ ይሰማል። ከግንዱ ሥር ያለውን ሣር ደግሞ በእጅ መንቀል ይሻላል፤ ምንም ያህል ጥሩ ገጀራ ቢኖር።

አንድ ነገር ቀርቶናል፤ እርሱ ከብር ይከብዳል። ከእናንተ አጥቢያዎች በአንዱ አንድ የብረት ሠሪ ቤተሰብ አለ፤ ቆራቢ ነው፤ አሥራቱን ያወጣል፤ የደወሉን መንጠልጠያ በነፃ የጠገነ ነው። አንድም ጊዜ ግን ስሙ በሰበካ ጉባኤ ምርጫ ተጠርቶ አያውቅም። የትኛው አጥቢያ እንደሆነ አንናገርም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ምርጫው እየቀረበ ነው። በዚያ ቀን ማንም ስሙን ካላነሣ ከዚያ በኋላ ለልጆቹ ስለ ሥልጠና ልንነግራቸው የምንችለው ቃል አይኖረንም፤ የእኛ አምስት ወጣቶችም ምርጫውን ከሩቅ እየተመለከቱ ናቸው።

ቢላዋው አሁን ማን ዘንድ ደረሰ? እባካችሁ ወደ ፊት መልሱልን። ነገ ጠዋት ወደ አጋሮ ይሄዳል፤ ልጁ ቀንበጥ ሊያነሣበት ይፈልገዋል።